የቢላ ሠሪው ልጅ ሒሳብ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አጠገባችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ካለ ያዙ፤ ዛሬ አብረን ሒሳብ እንሠራለን። ሒሳቡ የቆየ ነው። ከዛሬ 2,400 ዓመት ገደማ በፊት አንድ የ20 ዓመት ወጣት በአቴና ከተማ ችሎት ፊት ቆሞ፣ አባቱ ትቶለት የሄደውን ሀብት አንድ በአንድ እየጠራ ለዳኞች ቆጥሯል። ወጣቱ ዴሞስቴንስ ይባላል። በኋላ ዘመን የመቄዶንያውን ንጉሥ ፊልጶስን በአንደበቱ ሲሞግት የኖረው፣ እስከ ዛሬም ንግግር አዋቂነቱ የሚወሳው ዴሞስቴንስ እርሱ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ዝነኛው ሰው አይደለም። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ልጅ፣ አባቱ ስለተዋቸው ሁለት ወርክሾፖች፣ ወርክሾፖቹ ስለፈረሱበት መንገድና ገንዘቡን ለማስመለስ ስለወሰደበት ጊዜ ነው።

ይህን ጉዳይ ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። አባት ሲሞት የቤተሰብ ድርጅት ፈርሶ፣ ገንዘቡ የት ገባ እየተባለ ዘመድ ከዘመድ ለዓመታት ሲካሰስ ያላየ ያለ አይመስለኝም። የምናውቃቸውን ሰዎች ጉዳይ ስናወራ ግን ሳናውቀው ወገን እንይዛለን፤ እገሌ ደግ ነው፣ እገሊት ክፉ ናት እያልን ሒሳቡን እንረሳዋለን። የሩቁን ስናይ ሒሳቡ ብቻውን ይታየናል። የዚህ ክርክር ወረቀትም አልጠፋም፤ በዚሁ ጉዳይ የተዘጋጁ አምስት ንግግሮች ዛሬም ይነበባሉ።

ከወዲሁ አንድ ነገር ልናገር። የተረፈልን የከሳሹ ወገን ቃል ብቻ ነው። ተከሳሾቹ ምን እንዳሉ የምናውቀው እርሱ ሊመልስላቸው ብሎ በጠቀሰው ልክ ነው። እየሰማችሁ ይህን በልባችሁ ያዙት።

አባትየውም ስሙ ዴሞስቴንስ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን ቅጽል ስሙ «ቢላ ሠሪው» ነው። ራሱ ግን እሳት ላይ ቆሞ ብረት አይቀጠቅጥም። ሥራውን የሚሠሩለት ባሪያዎች ነበሩ። ይህን ሳንሸፋፍን እንናገረው፤ የዚህ ድርጅት ዋናው ካፒታል ሰው ነበር። በአንደኛው ወርክሾፕ 32 ወይም 33 ሰዎች ቢላና ጎራዴ ይሠራሉ። በሌላኛው 20 ሰዎች አልጋ ይሠራሉ። ሃያዎቹ የአባትየው ንብረት አልነበሩም፤ ለአንድ ባለዕዳ ላበደረው 40 ምናን መያዣ ሆነው የመጡ ናቸው።

ስለ ገንዘቡ መለኪያ ጥቂት ልበል፤ ስሙ ለጆሯችሁ እንግዳ አይሆንም። ትልቁ መለኪያ ከወንጌል መክሊት ብለን የምናውቀው ነው። ከእርሱ የሚያንሰው ምናን፣ ከዚያ የሚያንሰው ድሪም። አንድ መክሊት 60 ምናን፣ አንድ ምናን 100 ድሪም ነው። በዚያ ዘመን በአቴና አንድ የእጅ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚያገኘው አንድ ድሪም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። አንድ መክሊት 6,000 ድሪም ነውና፣ ሠራተኛው ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ አንድ መክሊት ለማጠራቀም ከ16 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

እንግዲህ እንቁጠር። ወጣቱ ለዳኞቹ ባቀረበበት ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። በመጀመሪያ የሚሠራው ገንዘብ፣ ማለትም ገቢ የሚያስገባው ይምጣ። ቢላ ሠሪዎቹ 190 ምናን ያህል ያወጣሉ፤ በዓመት የተጣራ 30 ምናን ያስገባሉ። አልጋ ሠሪዎቹ የ40 ምናን መያዣ ናቸው፤ በዓመት 12 ምናን ያስገባሉ። በወለድ ለሰው የተሰጠ የ60 ምናን ብድር አለ፤ ወለዱ ለአንድ ምናን በወር አንድ ድሪም፣ በመቶኛ ስናስበው በዓመት 12 በመቶ ነው። ይህም በዓመት ከ7 ምናን በላይ ያመጣል። ሦስቱ ሲደመሩ ዋናው ገንዘብ 290 ምናን፣ የዓመት ገቢው 50 ምናን ገደማ ሆነ። ጻፋችሁ?

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ለአልጋ ማስጌጫና ለቢላ እጀታ የተቀመጠ የዝሆን ጥርስ፣ ብረት፣ የአልጋ እንጨት፣ በጠቅላላው 80 ምናን። የቀለም ፍሬና መዳብ 70 ምናን። ቤቱ 30 ምናን። የቤት ዕቃው፣ የብርና የወርቁ ጽዋ፣ የእናትየው ጌጥና ልብስ 100 ምናን። ጥሬ ብር 80 ምናን። ድምሩ 360 ምናን፣ ልክ 6 መክሊት።

በውጭ ያለው ደግሞ አለ። ለባሕር ንግድ በብድር የተሰጠ 70 ምናን። በባንክ ባለቤቱ በፓሲዮን ዘንድ የተቀመጠ 24 ምናን፤ ይህን የፓሲዮንን ባንክ አደራ አትርሱት፣ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። በሁለት ሌሎች ሰዎች እጅ 6 እና 16 ምናን። ለወዳጅ ለዘመድ 200ም 300ም ድሪም እየተባለ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር፣ ሲጠራቀም 60 ምናን ያህል። ይህም 176 ሆነ።

290፣ 360፣ 176። ጠቅላላው 826 ምናን ነው፤ ወደ 14 መክሊት የሚጠጋ። በአቴና ይህን ያህል ሀብት ያለው ሰው ከከተማዋ ባለጸጎች ተርታ ይቆጠራል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ376 ገደማ አባትየው ታመመ። እንደማይድን ሲያውቅ ሦስት ሰዎች አስጠራ። የእህቱን ልጅ አፎቦስን፣ የወንድሙን ልጅ ዴሞፎንን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ወዳጁ የሆነውን ቴሪፒዴስን። ልጁ ያኔ 7 ዓመቱ ነው፤ እህቱ 5። ልጁ አድጎ በፍርድ ቤት እንደተናገረው፣ አባትየው ልጆቹን በእጃቸው አስረከባቸውና የተጠቀመበት ቃል «አደራ» የሚለው ነበር። ግሪክኛው ቃል ለሰው በእምነት የሚቀመጥ ገንዘብ ማለት ነው፤ በአማርኛ አደራ ከማለት የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ልጁን ደግሞ አፎቦስ ጉልበት ላይ አስቀመጠው። የ20 ዓመቱ ጎረምሳ በተቀመጠበት ጉልበት ባለቤት ፊት ቆሞ ይህን ለዳኞች ሲናገር ይታያችሁ።

አባትየው ዝም ብሎ አላመነም። ሞግዚቶቹን በጥቅምና በዝምድና ሊያስራቸው አሰበ። ቴሪፒዴስ ልጁ አካለ መጠን እስኪያደርስ ድረስ በ70 ምናን ይጠቀም ተባለ። ዴሞፎን ልጅቱ ስታድግ ያግባት፣ ሁለት መክሊቱን ግን ከአሁኑ ይውሰድ ተባለ። አፎቦስ መበለቲቱን ክሌኦቡሌን ያግባ፣ በግሪኮቹ ልማድ ከሴቲቱ ወገን ወደ ባል የሚሄደውን የጋብቻ ገንዘብ 80 ምናን ይቀበል፣ በቤቱና በዕቃውም ይጠቀም ተባለ። ደምሩት፤ 70፣ 120፣ 80። የሀብቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ለሞግዚቶቹ መደበላቸው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ዘመድ ሆነው እንዴት ልጆቼን ይበድላሉ ብሎ ነው።

አፎቦስ 80 ምናኑን ወሰደ። ከፊሉን በጽዋና በጌጥ፣ የቀረውን ከባሪያዎች ሽያጭ። ክሌኦቡሌን ግን አላገባትም። ስንቅ እንኳ አይሰጣትም ነበር። የእህቷ ባል ሄዶ ሲጠይቀው፣ ስለ ጌጥ ጥቂት የማንስማማበት ነገር አለ፣ እርሱን ስንጨርስ እሰጣለሁ ብሎ መለሰ። ዴሞፎንም ሁለት መክሊቱን ወሰደ፤ ልጅቱን አላገባም።

እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝን ልናገር። አባትየው ሀብቱን ማከፋፈል ችሎበታል። ያላደረገው ነገር ቢኖር፣ በሞተበት ቀን ያለውን ዝርዝር ከሦስቱ እጅ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ኑዛዜ ነበር፤ ኑዛዜው የተቀመጠው በሞግዚቶቹ እጅ ነው። ልጁ ሲያድግ አምጡት ቢባሉ አላመጡም። ክርክሩን ረጅም ያደረገው ይህ ነው። በሕጋቸው ሞግዚት የወላጅ አልባውን ሀብት በሹም ፊት ለሌላ ሰው በኪራይ እንዲሠራበት መስጠት ይችላል። ዴሞስቴንስ ለዳኞቹ በምሳሌ የጠቀሰው አንድ ልጅ ነበር፤ የሦስት መክሊት ተኩል ሀብቱ በስድስት ዓመት ኪራይ ከስድስት መክሊት በላይ ሆኖ ተመልሶለታል። ተከራዩም ገንዘቡን ያስረከበው በገበያው አደባባይ፣ ሰው እያየ፣ ቆጥሮ ነው። ይህን ስሰማ ልቤ የሚቆመው አደባባዩ ላይ ነው። ሰው ሁሉ እያየው የተቆጠረ ገንዘብ ኋላ «አልነበረም» አይባልም።

የዴሞስቴንስ ሞግዚቶች በኪራይ አልሰጡም። አሥር ዓመት ራሳቸው አስተዳደሩት። ልጁ በ366 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካለ መጠን ሲያደርስ ያስረከቡት ቤቱን፣ 14 ባሪያዎችንና 30 ምናን ጥሬ ብር ነው። በጠቅላላው 70 ምናን ገደማ። ከ826 ላይ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወጣቱ ምን ይያዝ? ኑዛዜ የለውም። እናቱ ሁሉን ታውቃለች፤ በአቴና ሕግ ግን ሴት በችሎት ቆማ አትመሰክርም። የወርክሾፑ ሠራተኞች ባሪያዎች ናቸው፤ የባሪያ ቃል ተቀባይነት የሚያገኘው በግርፋት ሲወጣ ብቻ ነው። ስለዚህ የያዘው መንገድ አንድ ነበር፤ ሞግዚቶቹን በራሳቸው ሒሳብ መያዝ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ግብር ነው። ሞግዚቶቹ ራሳቸው ልጁን ለጦርነት መዋጮ ሲያስመዘግቡት ከየ25 ምናኑ 5 ምናን በሚባለው እርከን አስገብተውታል። ይህ እርከን የከተማዋ ትልልቅ ባለጸጎች፣ የስመ ጥሩው ጦር መሪ የኮኖን ልጅ ቲሞቴዎስ ሳይቀር፣ የተመዘገቡበት ነው። በዚያ ስሌት የልጁ ሀብት 15 መክሊት ያህል ነው ማለት ነው። ለመንግሥት 15 መክሊት ብለው ያስመዘገቡ ሰዎች ለልጁ 70 ምናን አስረክበው ይኸው ነው ሲሉ፣ የመጀመሪያው መዝገብ ራሱ መሰከረባቸው።

ሁለተኛው ደግሞ የቢላው ወርክሾፕ ነው። እዚህ ላይ ቀረብ ብላችሁ ስሙ፤ የወጣቱ ብልኅነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ነው። ወርክሾፑን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያስተዳደረው አፎቦስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ቴሪፒዴስ። ግማሾቹ ባሪያዎች ተሸጠዋል፤ ስለዚህ ገቢው 30 ሳይሆን 15 ምናን መሆን አለበት። ቴሪፒዴስ በዓመት 11 ምናን አስመዘገበ፤ በየዓመቱ 4 ምናን ጎደለ። አፎቦስ ግን ምንም ገቢ አላስመዘገበም። አንድ ጊዜ ሥራ ቆሞ ነበር ይላል፤ ሌላ ጊዜ የሚያሠራው እኔ ሳልሆን ነፃ የወጣው ሚልያስ ነበር ይላል። ወጣቱ የወጪውን ዝርዝር አወጣ። በዚያው «ሥራ በቆመበት» ጊዜ አፎቦስ ለሠራተኞች ምግብ ብቻ ሳይሆን ለዝሆን ጥርስ፣ ለቢላ እጀታና ለሌላም ዕቃ ወጪ ጽፏል። ከዚህም አልፎ ቴሪፒዴስ በልጁ ወርክሾፕ ላሠራቸው ሦስት የራሱ ባሪያዎች ኪራይ ተከፍሎታል። ሥራ ካልነበረ ወጪው ለምን? ወጪው እውነት ከሆነስ የተሠራው ቢላ የት ገባ? አንድ ሰው ገቢውን ሲደብቅ ወጪውን መደበቅ ረሳ።

የዝሆን ጥርሱም እንደዚያው ነው። ሞግዚቶቹ ከአባትየው የቀረ የዝሆን ጥርስ አናውቅም አሉ። ወጣቱ ከአፎቦስ እጅ የገዙትን ሰዎች አመጣ።

ስለ ሃያዎቹ አልጋ ሠሪዎች ግን ንግግሩ ራሱ መልስ አያገኝም። አፎቦስ በእነዚያው ሰዎች መያዣነት ለባለዕዳው ተጨማሪ 500 ድሪም ከራሱ አበድሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ሰዎች ከነሥራቸው ጠፉ። ሞግዚቶቹ የት እንደገቡ አናውቅም አሉ። 12 ምናን በዓመት፣ አሥር ዓመት፤ ሁለት መክሊት። የሃያዎቹ የአንዳቸውም ስም አልተጠራም።

ሚልያስን ግን በስም እናውቀዋለን። ወርክሾፑን ያሠራ የነበረ ሰው ነው፤ አባትየው ሲሞት ነፃ አውጥቶታል። ገቢና ወጪውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነበር። አፎቦስ፣ ሚልያስ ይሰጠኝና ተገርፎ ይናገር ብሎ ጠየቀ። ዴሞስቴንስ፣ ነፃ ሰው ለግርፋት አይሰጥም ብሎ እምቢ አለ። የዚህን ሰው ነፃነት አፎቦስ ራሱ በአስታራቂ ዳኛ ፊት አምኗል ብሎ የመሰከረ ሰው ነበር፤ አፎቦስ ከተፈረደበት በኋላ ያንን ምስክር በሐሰት ምስክርነት ከሰሰው። በዚህ በሁለተኛው ክስ ላይ የተነገረው ንግግር የዴሞስቴንስ ስለመሆኑ የሚጠራጠሩ ምሁራን አሉ። የሚልያስ ነገር ግን በመጀመሪያውም ንግግር ውስጥ አለ። እኔ ሳስበው ሞግዚቶቹ ሥራውን የሚያውቀውን ሰው በገዛ ራሱ ምስክርነት አልፈለጉትም፤ የፈለጉት ለጅራፍ ነበር። ይህ ብቻውን ብዙ ይነግረኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

ወጣቱ ወዲያው ፍርድ ቤት አልሮጠም። መጀመሪያ ዘመድ ወዳጅ በመካከል ገባ። በስምምነት የተመረጡ አስታራቂዎች ነበሩ፤ ፍርዱ እንደማይቀናው ሲያውቅ አፎቦስ አልቀበልም አለ። ከዚያ ከተማዋ የምትመድበው አስታራቂ ዳኛ በአፎቦስ ላይ ፈረደ፤ ይግባኙ ወደ ችሎት ሄደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ዓመት አለፈ። ፕሉታርክ እንደጻፈው በዚህ መሐል ዴሞስቴንስ የውርስ ጉዳይ አዋቂ ከሆነው ከኢሳዮስ ዘንድ ትምህርት ይቀስም ነበር።

ችሎቱ ሊቀመጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አንድ ሴራ መጣ። በአቴና ባለጸጋ ሰው የጦር መርከብ ወጪ ይጣልበታል። ይህ ግዴታ የደረሰበት ሰው ከእኔ የበለጠ ሀብታም አለ ብሎ ካመነ፣ «ወይ ወጪውን ቻል፣ ወይ ሀብታችንን እንለዋወጥ» ማለት ይችላል። ትራሲሎኮስ የሚባል ሰው ከወንድሙ ከሜይዲያስ ጋር ሆኖ ይህን ጥያቄ ለዴሞስቴንስ ይዞ መጣ። ልውውጡን ቢቀበል ሀብቱ ሁሉ ይለወጣል፤ በሞግዚቶቹ ላይ የያዘው ክስም ሀብት ነውና አብሮ ይሄዳል፣ ሰዎቹም ክሱን ሊተዉላቸው ነበር። ወንድማማቾቹ የቤቱን በሮች ሰብረው ገቡ፤ እናትና እህቱ ባሉበት ጸያፍ ስድብ ተሳደቡ። ወጣቱ ቤቱንና ያለውን ሁሉ አስይዞ 20 ምናን ከፈለ፤ ክሱን አልለቀቀም።

ሌላም ሥጋት ነበር። ከሳሽ ቢረታ የጠየቀውን ገንዘብ አንድ ስድስተኛ ለተከሳሽ ይከፍላል። ዴሞስቴንስ ከእያንዳንዱ ሞግዚት 10 መክሊት ጠየቀ፤ በአፎቦስ ክስ ብቻ ቢረታ 100 ምናን ይቀጣል። የተረከበው 70 ነው።

ክርክሩ የተካሄደው በ364 ወይም በ363 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ዳኞቹ በዕጣ የወጡ ተራ ዜጎች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለ ከፍ ያለ የገንዘብ ክርክር 401 ሰው ይቀመጣል። ጠበቃ ቆሞ አይከራከርልህም። በእኛ አገር በጥንቱ ሥርዓት ባለጉዳይ በላ ልበልሃ ብሎ ራሱ እንደሚሟገት፣ እዚያም ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚናገረው። ጊዜው የሚለካው ቀዳዳ ካለው የሸክላ ዕቃ በሚወርድ ውሃ ነው።

አፎቦስ በመጨረሻዋ ቀን አዲስ ነገር አመጣ። አባትየው አራት መክሊት መሬት ውስጥ ቀብሮ እናትየው እንድትጠብቀው አድርጓል፤ ልጁ ሀብታም ነው አለ። ተከሳሽ በመጨረሻ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር የሚያመጣው ከሳሹ ማስረጃ ማምጫ ጊዜ እንዳያገኝ ነው። ወጣቱ የመለሰው በምስክር ሳይሆን በማገናዘብ ነው። አባቴ እናቴን አምኖ አራት መክሊት የሚያስቀምጥባት ከሆነ ለምን ለእነዚህ ሰዎች ገንዘብና ሚስት ይሰጣል? እነርሱስ ያን ያህል ገንዘብ በእጇ እንዳለ እያወቁ እንዴት ዝም ይላሉ?

ሲፈረድ አፎቦስ 10 መክሊት ይክፈል ተባለ። ቅጣቱ ሲወሰን የአፎቦስ የቀድሞ ሚስት ወንድም ኦኔቶር እያለቀሰ ዳኞቹን ለመነ፤ አንድ መክሊት ብቻ ይሁን፣ እኔ ዋስ እሆናለሁ አለ። ዳኞቹ አልሰሙትም። ኦኔቶርን ያዙት፤ አሁን እናገኘዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ሰው አፈጻጸም ችሎት ያልሄደ ሰው ነው። ፍርድ ተገኘ ማለት ገንዘብ ተገኘ ማለት አይደለም፤ ይህን የፍርድ ባለመብት ሆኖ በአፈጻጸም መዝገብ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። አፎቦስ ቤቱን ባዶ አደረገ። ዕቃውን አወጣ፣ ባሪያዎቹን ወሰደ፣ የውሃ ጉድጓዱን ሰባበረ፣ በሮቹን ነቅሎ ሄደ። ቤቱን ለወንድሙ፣ መሬቱን ለኦኔቶር አስረክቦ ሜጋራ ገባ፤ እዚያም የስደተኛ ነዋሪ ግብር እየከፈለ ተቀመጠ።

ወጣቱ መሬቱን ሊረከብ ሄደ። ኦኔቶር አሰናበተው። መሬቱ የእኔ ነው አለ፤ ምክንያቱም አፎቦስ እህቴን አግብቶ ፈትቷታል፣ የጋብቻ ገንዘቧን ስላልመለሰ መሬቱን በዕዳ ይዤዋለሁ። በዘመናችን ቋንቋ የአፈጻጸም መቃወሚያ አቀረበ ማለት ነው። በመሬቱ ላይ የአንድ መክሊት፣ በቤቱ ላይ የ2,000 ድሪም መያዣ መኖሩን የሚናገሩ ድንጋዮች ተተክለው ነበር። በኋላ በቤቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሣ። ዴሞስቴንስ ይህን ያዘ። ሁለቱ ሲደመሩ 80 ምናን ይሆናሉ፤ አንዱ ሲነሣ 60። ገንዘቡ እውነት ከተከፈለ እንዲህ አይለዋወጥም።

ያለውን የጊዜ ቅደም ተከተልም ተመልከቱ። ሠርጉ የሆነው ልጁ አካለ መጠን ሊያደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ኦኔቶር በዚያ ጊዜ አፎቦስ ሊከሰስ እንደሆነ ስለሚያውቅ ገንዘቡን አልሰጠውም፤ የቀድሞ ባሏ ዘንድ አስቀምጦ በዓመት 10 በመቶ ወለድ እንዲከፈልበት አደረገ። ለአፎቦስ ያልተሰጠ ገንዘብ ደግሞ ከአፎቦስ አይመለስም። ፍቺው የተመዘገበው ክርክሩ ከተጀመረ በኋላ ነው። ፍቺው እውነት ነው ወይ ሲባል ዴሞስቴንስ ፓሲፎን የተባለ ሐኪም አመጣ። ሐኪሙ የመሰከረው ቀላል ነገር ነው። ከፍቺው ምዝገባ በኋላ ሴትየዋ ታመመች፤ ሊያያት ሲሄድ አፎቦስ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ አገኘው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወጣቱ ምን ያህል እጁ ገባ? ፕሉታርክ የአባቱን ሀብት ጥቂት ክፍል እንኳ ማስመለስ አልቻለም ይላል። ኑሮውን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው፤ ለሌሎች ባለጉዳዮች በክፍያ የክርክር ንግግር መጻፍ ጀመረ።

የፓሲዮንን ባንክ አስታወሳችሁ? አባትየው 24 ምናን ያስቀመጠበት። ፓሲዮን ራሱ በባርነት ጀምሮ ነፃ የወጣ፣ በኋላ የአቴና ዜግነት ያገኘ ሰው ነው። በ370 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ሲሞት ባንኩንና የጋሻ ወርክሾፑን የሚያሠራለት ፎርሚዮን ነበር፤ እርሱም የቀድሞ ባሪያው፣ በእርሱ ነፃ የወጣ። ፓሲዮን በኑዛዜው መበለቲቱን ፎርሚዮን እንዲያገባ አዘዘ፤ ፎርሚዮን አገባት፣ የታናሽየውም ልጅ ሞግዚት ሆነ። ሃያ ዓመት ሲያልፍ ታላቁ ልጅ አፖሎዶሮስ ተነሥቶ ከአባቴ ባንክ የቀረ 20 መክሊት አለብህ ብሎ ፎርሚዮንን ከሰሰ።

ፎርሚዮን ግሪክኛ እንደልብ ስለማይናገር ወዳጁ ቆሞ ተናገረለት። ንግግሩን የጻፈው ዴሞስቴንስ ነው። ዳኞቹን እንዲህ ያለ ክስ በአምስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት የሚለውን ይርጋ አስታወሳቸው፤ ፎርሚዮን ኪራይ እንደከፈለና ኑዛዜውም በምስክር እንደተረጋገጠ ዘረዘረላቸው። አፖሎዶሮስ የዳኞቹን ድምፅ አንድ አምስተኛ እንኳ ሳያገኝ ቀረ፤ የአንድ ስድስተኛውም ቅጣት ተጣለበት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)